ጨዋታ

በአማርኛችን ውስጥ ባሰብሁት ቁጥር የሚያስደንቀኝ አንድ ቃል አለ፤ "ጨዋታ" የሚለው። ልጆች በመንደር ሲሯሯጡ ጨዋታ ነው። ሃያ ሁለት ሰዎች አንዲት ኳስ ሲያሳድዱ ጨዋታ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ቡና ከፊታቸው አድርገው የሆነውንና ያልሆነውን ሲያወጉም ያው ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤታችን ገብቶ ዝም ሲል "ተጫወት እንጂ!" እንለዋለን፤ ቃሉን በቁሙ የተረጎመ ፈረንጅ ቢሰማን ለእንግዳው ኳስ ልናቀብለው የተነሣን ይመስለው ይሆናል። እኔ ይህን ቃል በሙሉ ትርጉሙ የተማርሁት ከመዝገበ ቃላትም ከመምህሮቼም አይደለም። ያስተማሩኝ አንድ የኮሌጅ ፉትቦል ቡድንና አንድ አጎቴ ናቸው።

የምኖረው በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ ነው። ቀን በአንድ ባንክ መስኮት ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ሁለቱም ሥራዎች ዝምታን ይፈልጋሉ፤ አንዱ ቁጥር እንዳይሳሳት፣ ሌላው ቤት እንዳይሰበር። በመከር ወራት ቅዳሜ ሲደርስ እንደ እብድ የምጮኸው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። አንባቢ እንዳይደናገርም ከወዲሁ ልናገር፦ "ዓ.ም." ብዬ ከጻፍኋቸው በቀር በዚህ ወግ ውስጥ ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።

ኮሎምበስ የገባሁት በ2012 በነሐሴ ወር ነው። ዲቪ ደርሶኝ፣ ከአዲስ አበባ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ዲግሪ በሻንጣዬ ይዤ መጣሁ። የተቀበሉኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በመጀመሪያው የፉትቦል ቅዳሜ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጡኝና "ተጫወት" አሉኝ። እኔም የአገር ቤት ልጅ ነኝና ወሬ የፈለጉ መስሎኝ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ተዳረ፣ የሰፈራችን ቤቶች እንዴት እንደ ፈረሱ እተርክላቸው ጀመር። ጥቂት ታገሡኝ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው፦

"ቆይ ልጄ፤ ሦስተኛ ሙከራ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ትጫወትልኛለህ።"

ሦስተኛ ሙከራ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ እርሳቸው ለእኔ እንዳስረዱኝ ላስረዳ። ይህን ጨዋታ ፈረንጆቹ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር ኳሷን የሚነካት አልፎ አልፎ ነው። ኳስ የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ ዐሥር ያርድ፣ ማለት ዘጠኝ ሜትር ከምናምን፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ አራት ሙከራ ይጨመርለታል፤ ካልገፋ ኳሷን ለባላጋራው ያስረክባል። "የስደተኛ ኑሮ ማለት ነው" አሉኝ አጎቴ። "አራት ዕድል ይሰጥሃል። ዐሥር እርምጃ ከሄድህ ሌላ አራት ይሰጥሃል። ማንም መቶውን ባንድ ጊዜ ሂድ አይልህም።"

ቡድናችን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ቅጽል ስሙ ባክአይስ ነው። ባክአይ በዚህ አገር የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ ፍሬው ጥቁር ቡናማ ሆኖ በአንድ ጎኑ ፈዘዝ ያለ ክብ ምልክት ስላለበት የአጋዘን ዓይን ይመስላል። ማልያው ቀይና ግራጫ ነው። ጥሩ የተጫወተ ልጅ በራስ ቁሩ ላይ የባክአይ ቅጠል ይለጠፍለታል፤ በዓመቱ መጨረሻ የራስ ቁሩን አይተህ የልጁን ታሪክ ታነባለህ። እኔ በደረስሁበት በ2012 ቡድኑ ዐሥራ ሁለቱንም ግጥሚያ አሸነፈ፤ በመጨረሻውም ቀን ደመኛውን ሚሺጋንን 26 ለ21 ረታ። ዋንጫ ግን አላገኘም። ቀደም ሲል በተፈጸመ የደንብ ጥሰት ምክንያት በዚያ ዓመት ከማጠቃለያው ውድድር ታግዶ ነበር።

"በጥሩ ዓመት መጣህ" አሉኝ አጎቴ። "ይህን ቡድን ዛሬ ብትወደው ዋንጫ ፈልጎ ነው የሚልህ የለም።"

እኔም ወደድሁት።

አጎቴ ወደዚህ ከተማ የመጡት በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጥተው፣ ከዚያ በስደተኛነት ተመዝግበው ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው ፓርኪንግ ነበር። በኦለንታንጂ ወንዝ ዳር በ1922 የተከፈተ፣ ዛሬ ከ100,000 በላይ ሰው የሚይዝ፣ ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመስል ታላቅ ስታዲየም አለ። አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ስታዲየም ትንሽ ራቅ ባለ ቦታ ቆመው መኪና ያስገቡ ነበር። ሕዝቡ ሁሉ ሲገባ እርሳቸው ከመኪኖቹ ጋር ይቀራሉ። መግቢያ መግዣ ገንዘብ የለም፤ ሬዲዮኑን ቢከፍቱትም በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው ይፈጥንባቸዋል። ስለዚህ ጨዋታውን የተማሩት ከጩኸቱ ነው።

"አጭርና ደረቅ ከሆነ" ይሉኝ ነበር፣ ሲኒውን እንደ ያዙ፣ "ዐሥር ያርዷ ሞላች ማለት ነው። ከዝቅታ ተነሥቶ እያደገ፣ እያደገ ከሄደ አንድ ልጅ አምልጦ እየሮጠ ነው። ድንገት ጸጥ ካለ ግን የኛ ሰው ጥሏታል ማለት ነው፤ ወይም አንድ ልጅ ተጎድቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ሁለቱን ዝምታ መለየት ግን አልቻልሁም። ዘጠኝ ዓመት ሰምቼ አልቻልሁም።"

ይህን የነገሩኝ እንደ ቀልድ ነበር። እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባንክ ተቀጠርሁ። በመጀመሪያው ዓርብ አንዲት አሮጊት ቀይ ሹራብ ለብሰው ወደ መስኮቴ መጡና "ኦ-ኤች!" አሉኝ። እኔም የሒሳብ ዓይነት የጠየቁኝ መስሎኝ የመታወቂያ ወረቀታቸውን ጠየቅሁ። ከጎኔ የነበረችው ባልደረባዬ ሳቋን አፍና "አይ-ኦ!" ብላ መለሰችላቸው። ለካስ አንዱ የስሙን የፊተኞቹን ፊደላት ሲጠራ የሰማው ሁሉ የኋለኞቹን መመለስ አለበት። ካህኑ ሲል ሕዝቡ እንደሚመልሰው ማለት ነው። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ አንድም ቀን ሳልመልስ አልቀረሁም። ስሜን መጥራት የማይችሉ ደንበኞች ሰኞ ሲመጡ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ያጫውቱኝ ጀመር። ለአገሩ ባዳ፣ ለሰው እንግዳ የነበርሁት እኔ፣ ጨዋታ ኖረኝ።

ገንዘብ ሳጠራቅም ሁለት መግቢያ ገዛሁና አንድ የመስከረም ቅዳሜ አጎቴን ስታዲየም አስገባኋቸው። ስንት ጊዜ ሲጠብቋት የኖሯትን ሕንፃ ከውስጥ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ማርሽ ባንዱ "ኦሃዮ" የሚለውን ቃል በሰው ሰልፍ ሜዳው ላይ ጻፈ፤ ይህ ከ1936 ጀምሮ የሚደረግ ልማድ ነው። በመጨረሻ ትልቁን ነሐስ ቀንድ የተሸከመ አንድ ልጅ እየተንጎራደደ ወጥቶ በአንደኛው ፊደል አናት ላይ ቆመ፤ የፊደሉ ነጥብ እርሱ ነው። ለግራም ለቀኝም እጅ ነሣ። እኔ አንድ ሰው ነጥብ ለመሆን ይህን ያህል መልፋቱ ደንቆኝ ወደ አጎቴ ዘወር ስል፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ጋሼ፣ አመመዎት?"

"የለም" አሉኝ። "ያው ጩኸት መሆኑን ልስማ ብዬ ነው።"

የዓመቱ ማጠንጠኛ ከሚሺጋን ጋር የሚደረገው ግጥሚያ ነው። ሁለቱ መጀመሪያ የተገናኙት በ1897 ነው፤ በኅዳር መጨረሻ፣ ከምስጋና ቀን ማግስት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ በቀትር ይጋጠማሉ። በዚያ ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በየምልክቱ ላይ ያለው "ኤም" የሚባለው ፊደል በቀይ ይሰረዛል፤ የሚሺጋን የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነ። አጎቴ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የሁለት አሠልጣኞችን ነው። ዉዲ ሄይስ የኦሃዮ ስቴት አሠልጣኝ ነበር። ቦ ሼምቤክለር የሚባለው ደግሞ በወጣትነቱ በዉዲ ሥር የተጫወተ፣ ኋላም ረዳቱ የነበረ ሰው ነው። በ1969 ቦ የሚሺጋን አሠልጣኝ ሆኖ መጣና በመጀመሪያው ዓመት መምህሩን 24 ለ12 አሸነፈው። ከዚያ እስከ 1978 ድረስ ዐሥር ዓመት ተፋለሙ፤ ተማሪው አምስት፣ መምህሩ አራት አሸነፉ፤ አንዱን እኩል ወጡ። ቦ የሞተው በኅዳር 2006፣ ሁለቱ ቡድኖች አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሊጋጠሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። በማግስቱ ኦሃዮ ስቴት 42 ለ39 አሸነፈ።

"ሰውን አብዝቶ የሚያቆስለው ያስተማረው ሰው ነው" ይሉ ነበር አጎቴ፣ ይህን ተርከው ሲጨርሱ።

በ2016 የነበረውን ግጥሚያ አልረሳውም። ሁለት ተጨማሪ ጊዜ የወሰደ ነበር። በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ ቡድናችን በአራተኛ ሙከራ አንድ ያርድ ፈለገ። ኳርተርባካችን ጄቲ ባሬት ኳሷን ይዞ ሮጠና መስመሩ ላይ ወደቀ። ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ዳኞቹ ደርሷል አሉ። በሚቀጥለው ሙከራ ተችዳውን ሆነና 30 ለ27 አሸነፍን። ሚሺጋኖች እስከ ዛሬ አልደረሰም ይላሉ። እኔና አጎቴ በዚያች ጣት በማታህል ቦታ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ተጨቃጨቅን። እኔ ሳንቲም ሲጎድል የማላድር የባንክ ሰው ነኝና "ጋሼ፣ እውነቱን እንናገር፤ አልደረሰም" እላለሁ። እርሳቸው "ዳኛ ካየ ደረሰ ነው" ይላሉ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ ቡናውን እያቀረቡ "እናንተ ሰዎች፣ ልጁ እኮ ወደ ቤቱ ሄዷል" ይሉናል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ የሚያቀራርብ እንጂ የሚያራርቅ አልነበረም።

የሚያራርቀው በኋላ መጣ።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተቀሰቀሰ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደ ነበርሁ፣ አጎቴ ከየትኛው እንደ ነበሩ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ግማሹ አንባቢ እዚህ ላይ ይለየኛል፤ የቀረውም ግማሽ አጎቴን ይጠላቸዋል። በዚያ ጊዜ በውጭ አገር የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ምን እንደ ሆንን ያውቃል። ወረርሽኙ ከየቤታችን ዘግቶብን ነበርና በስልክ ነበር የምንጋጨው። አንድ ማታ ነገር ነገርን አነሣውና እንዲህ አልኋቸው፦

"ጋሼ፣ እርስዎ አገሪቱን ጥለው ከወጡ ሠላሳ ምናምን ዓመትዎ ነው። ስለማያውቁት አገር ምን ያወራሉ?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። በስልኩ ውስጥ ጥቂት ትንፋሻቸውን ሰማሁ። ከዚያ ዘጉት።

በዚያ ዓመት የኦሃዮ ስቴትና የሚሺጋን ግጥሚያ አልተደረገም። ለታኅሣሥ 12 ቀን 2020 ተቀጥሮ ሳለ፣ አራት ቀን ሲቀረው በሚሺጋን ቡድን ውስጥ በገባው ኮቪድ ምክንያት ተሰረዘ። ከ1918 ጀምሮ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የኖረ ጨዋታ ነበር። ተሰርዞ ባይሆን ኖሮ ምናልባት በዚያ ቅዳሜ ስልክ እንደዋወል ነበር እላለሁ፤ ሰው ጥፋቱን የሚያሳብብበት አያጣም። የሆነው ሆኖ አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። በአንድ ከተማ፣ ከክሊቭላንድ ጎዳና ወዲህና ወዲያ፣ በመኪና የዐሥር ደቂቃ መንገድ ተራርቀን፣ አንዳችን ያንዳችንን ድምፅ ሳንሰማ ከረምን። የአገር ቤት ወሬ እየከፋ ሄደ። እኔ በማሸነፌ አንድ ቀን እንኳ ደስ አላለኝም።

በኅዳር 27 ቀን 2021 በአን አርበር ከተማ በረዶ እየጣለ ተጋጠሙ። ሚሺጋን ከ2011 ወዲህ አሸንፎን አያውቅም ነበር። በዚያ ቀን የነርሱ ሯጭ ሐሰን ሃስኪንስ አምስት ተችዳውን አገባ፤ 42 ለ27 ተሸነፍን። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥሁ። ስልኬ ጠራ።

"አየኸው?" አሉኝ።

"አየሁት፣ ጋሼ።"

"የፊት መስመራችን እኮ እንደ ወረቀት ተቀደደ።"

"እንደ ወረቀት።"

አርባ ደቂቃ ያህል ስለ ፊት መስመሩ ተጫወትን። ስለ ሌላ ነገር አንድም ቃል አልተነፈስንም። ኋላ እትዬ እንደ ነገሩኝ፣ አጎቴ ስልኩን በእጃቸው ይዘው መደወል አለመደወላቸውን ሲያወጡና ሲያወርዱ ነበር። ቡድኑ ቢያሸንፍ ኖሮ የሚደውሉ አይመስለኝም። ድል ሰው ብቻውን ሊበላው የሚችል ማዕድ ነው፤ ሽንፈት ግን ብቻ አይበላም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫወትን። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም እንኳ አልተነጋገርንበትም። ከስምምነቱ ሦስት ሳምንት በኋላ ሚሺጋን በሜዳችን 45 ለ23 አሸነፈን፤ ስለዚያ ግን ሦስት ማታ አወራን። በ2023 ደግሞ 30 ለ24 ተሸነፍን፤ ስለርሱም አወራን። አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለው ጨዋታ እርቅ ነው ወይስ ከእርቅ መሸሺያ ነው ብዬ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልሱን አላውቀውም ነበር። ይቅርታ የሚለውን ቃል በልቤ ይዤው እየሄድሁ፣ ደጃቸው ስደርስ "የዛሬው ኳርተርባክ እንዴት ነው?" እል ነበር።

በ2024 የሚሺጋን ግጥሚያ የዋለው በኅዳር 30 ቀን፣ በእኛ ኅዳር 21፣ በጽዮን በዓል ቀን ነው። አጎቴ ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተው፣ በቀዩ ሹራባቸው ላይ ነጠላቸውን እንደ ደረቡ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ጾመ ነቢያት ስለ ገባ እትዬ ሽሮና የጾም ሳምቡሳ አቅርበዋል። ቡድናችን በአገሪቱ ሁለተኛ ነበር፤ ሚሺጋን ስድስት አሸንፎ አምስት የተሸነፈ ደካማ ቡድን። ማንም ያሸንፋል ብሎ አልጠበቀውም። እኛ ሁለት ፊልድ ጎል ሳትን። 10 ለ10 ሆኖ ቆየና አርባ አምስት ሰከንድ ሲቀር እነርሱ አንድ ፊልድ ጎል አገቡ። 13 ለ10። አራተኛ ሽንፈት በተከታታይ። ከጨዋታው በኋላ ሚሺጋኖች ባንዲራቸውን በሜዳችን መሐል ሊተክሉ ሲሞክሩ ተጫዋቾቹ ተደባደቡ፤ ፖሊስ የሚያቃጥል ጋዝ ረጨ።

እኔ ብድግ ብዬ ጮኽሁ። አሠልጣኙ ራያን ዴይ ነገውኑ ይባረር አልሁ። ከተማውም እንደዚያው ይል ነበር። አራት ጊዜ የተሸነፈ ሰው ምን ይሠራል? አጎቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦

"ሰው በአንድ ክፉ ቀኑ የሚባረር ቢሆን ኖሮ፣ አንተም ዛሬ እዚህ ሶፋ ላይ አትቀመጥም ነበር።"

እትዬ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። እኔ ተቀመጥሁ። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ግጥምም የምጽፈው እንደ ነገሩ ነው፤ ሰሙ የቱ፣ ወርቁ የቱ እንደ ሆነ ግን በዚያች ሰዓት የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

አሠልጣኙ አልተባረረም። በዚያ ዓመት የማጠቃለያው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ቡድን የሚያሳትፍ ስለሆነ፣ የተሸነፈው ቡድናችን ሌላ አራት ሙከራ ተሰጠው። ቴኔሲን 42 ለ17፣ ኦሪገንን 41 ለ21፣ ቴክሳስን 28 ለ14 ረታ። ፍጻሜው ከኖተርዳም ጋር በአትላንታ ጥር 20 ቀን 2025 ሆነ። ቀኑ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ስለ ነበር ባንክ ዝግ ነው። በእኛ ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ ነው። ማታ ወደ አጎቴ ቤት ሄድሁ።

31 ለ7 መራን። ከዚያ ኖተርዳም እየተጠጋ፣ እየተጠጋ መጥቶ 31 ለ23 ደረሰ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም የቀረው። ሦስተኛ ሙከራ፣ ዐሥራ አንድ ያርድ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጩኸቱ ከዝቅታ ተነሣ፤ አደገ፤ አሁንም አደገ። ሳላይ አወቅሁ፤ አንድ ልጅ አምልጧል። ዓይኔን ስገልጥ ጄረማያ ስሚዝ የተባለው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዊል ሃዋርድ የወረወረለትን ኳስ ይዞ 56 ያርድ ወርዷል። 34 ለ23 አለቀ። ጥሩውን ወይን እስከ መጨረሻ አቆይቶ ነበር።

እትዬ ተኝተዋል። በአትላንታ የወረቀት ብጥስጣሽ ይዘንባል። አጎቴ ይዘላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን ቀነሱት። ከዚያ ፈጽመው አጠፉት። ሥዕሉ ብቻ ቀረ።

"ያን ጊዜ ያልኸኝን ሳስበው ኖሬአለሁ" አሉኝ። "ውሸት ብትናገር ኖሮ በሁለተኛው ቀን እረሳው ነበር። እኔ አገሬን የማውቃት ፓርኪንግ ቆሜ ጨዋታውን እንዳወቅሁት ነው። ከአጥር ውጭ፤ በጩኸቷ። ጩኸቱ ሲያድግ አሸነፍን እላለሁ። ጸጥ ሲል ግን ኳስ ወድቆ ይሁን ልጅ ወድቆ፣ መለየት አልቻልሁም። ያኔም አልቻልሁም፤ በጦርነቱም ጊዜ አልቻልሁም።"

ጥቂት ዝም አሉና ጨመሩ፦

"አንተስ ትችል ነበር?"

እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የማውቀው ሁሉ በስልኬ መስታወት ላይ ያየሁት ነው። እኔም እኮ ፓርኪንግ ነበርሁ፤ ልዩነቱ እርሳቸው ፓርኪንግ መሆናቸውን ማወቃቸው ብቻ ነው። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ድምፄ ተያዘ። አራት ዓመት የተሸከምሁት ቃል ያለ ምንም ማስጌጫ ወጣ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።"

ቀዝቅዞ የነበረውን ቡና በሲኒዬ ቀዱልኝ። ሲኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ተጫወት እንጂ" አሉኝ።

እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተጫወትን። ወደ ሱዳን በእግር ስለ ወጡበት መንገድ፣ አብሯቸው ተነሥቶ ስላልደረሰ ሰው ነገሩኝ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ነግረውኝ አያውቁም ነበር። ያን እዚህ አልጽፈውም። የርሳቸው ነው። ስለ አገራችን ጉዳይ ከዚያ ወዲህም አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም። ግን አሁን አንዳችን ሲናገር ሌላው "ይህን አየኸው ወይስ ሰማኸው?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ "ሰማሁት" ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

በኅዳር 2025 በአን አርበር ሚሺጋንን 27 ለ9 አሸነፍን። ራያን ዴይ አልተባረረም። ስልክ አልደወልሁም፤ አጎቴም አልደወሉም። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ነበርና። በዚያ ሌሊት ወደ ቤቴ ተመልሼ የጻፍኋት ትንሽ ግጥም ይህች ናት፦

ከአጥር ውጭ ቆሜ ጩኸት ስቆጥር፣
ማን ወደቀ ብዬ እንዴት ልመስክር፤
ተጫወት ወዳጄ፣ እሳቱ ይጫር፣
ጨዋታ ሲያልቅ ነው የሚጫር ነገር።